ወደ ሶር ፏፏቴ ለሚነሡ፦ ዳገቱ በመመለሻ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኢሉባቦር ደንና ስለ ሶር ፏፏቴ በጉዞ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። አገሩን የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። አንባቢ ከጽሑፉ ያገኘው ግን የፏፏቴውን ውበት፣ የመንገዱን ርዝመትና የአልጋ ዋጋን ብቻ ነው። ከመኪና መንገድ በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለበት፣ በስንት ሰዓት ፊቱን ማዞር እንዳለበት፣ በየትኛው ወር ጨርሶ መሄድ እንደሌለበት አልተነገረውም። ሰው የሚጎዳው ደግሞ በእነዚህ ምክንያት ነው። እኛ በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ መንገድ የምንመራ ሰዎች ነን፤ የጎደለውን ለመሙላት ያህል ይህን ጽፈናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልን። ተራራ የሚወጣ ሰው ትልቁን ድካም ጠዋት፣ ጉልበቱ ትኩስ ሳለ ይጨርሰዋል፤ ሲዝል ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ወደ ፏፏቴ የሚሄድ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። ሲሄድ ቁልቁለት ነው፤ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ መንገዱም ያጠረ ይመስለዋል። ውኃው ዘንድ ደርሶ ከተዝናና በኋላ፣ እግሩ ርሶ፣ የያዘው ውኃ ተጋምሶ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዳገቱ ይጀምራል። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚሠራው ከመነሻው ወደ ፊት ሳይሆን ከጀንበር መጥለቂያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

ስለ ወቅቱ እንጀምር። በብዙው የአገራችን ክፍል ክረምቱ በመስከረም ይወጣል፤ ኢሉባቦር ግን በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ በመሆኑ ዝናቡ ገና በበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የኢሉባቦርን ከተሞች ጎሬንና መቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ አይቶ ሻንጣውን የሚይዝ ሰው እዚያ ሲደርስ ጭቃና ድፍርስ ወንዝ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል እስከ የካቲትና መጋቢት የሚዘገይ ሰው መንገዱ ቢደርቅለትም የፏፏቴው ውኃ ሳስቶ ይጠብቀዋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ያለው ነው። ዝናቡ አቁሟል፤ የደኑ አፈር ክረምቱን የጠጣውን ውኃ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ደን ባልተጨፈጨፈበት አገር ያለ ፏፏቴ በበጋ ቶሎ የማይደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተለየው ጢስ ዓባይ ነው፤ እዚያ የውኃው መጠን በዝናብ ብቻ ሳይሆን ለኃይል ማመንጫው በሚጠለፈው ውኃም ስለሚወሰን ሰው ከመነሣቱ በፊት ባሕር ዳር ደውሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

መቱ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ የምንለው መቱ ወይም ጎሬ አድሮ የሚነሣ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሙሉ ቀን በመኪና ተንገላትቶ በማግሥቱ ጠዋት ደን የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱን እዚያው ሠራ፤ ቢችል አንድ ቀን ይረፍ። መቱ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ የወባ አገር ናት፤ አጎበር ያለበት አልጋ ይያዝ። ከመቱ በፏፏቴው አቅራቢያ ወዳለችው በቾ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ነው። ሲደርቅ አቧራ፣ ሲርስ ሳሙና ይሆናል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ካደረ ጠዋት ባለ ሞተሩ ወይም ባለ መኪናው «ችግር የለም» ቢል እንኳ በመንገዱ ላይ ለሚጠፋ ሰዓት ቦታ መተው ያስፈልጋል። የመመለሻውን ነገር ደግሞ ከመውረድ በፊት መዋዋል ይገባል፤ ሂሳቡ ሁሉ ጠዋት ከተከፈለ ማታ የሚጠብቅ ሰው ላይኖር ይችላልና ግማሹን ለመመለሻ ማቆየቱ ይሻላል። ሰዓቱ ሲነገር «ከቀኑ 10 ሰዓት» ተብሎ፣ ቦታውም በስም ተጠርቶ ይሁን።

ከዞኑ ወይም ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ማውጣት ብዙ ሰው እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል። ደብዳቤው ግን ሁለት ነገር ያስገኛል። አንደኛ፣ ቀበሌው ማን ደን ውስጥ እንደገባ ያውቃል፤ ያልተመለሰ ሰው ቢኖር የሚፈልገው አያጣም። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ጸጥታ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሆነ በትክክል የሚነግረው እዚያ ያለ ሰው ነው። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ሲነሡ አንድ ጊዜ፣ በጉዞው ዋዜማ ደግሞ አንድ ጊዜ መጠየቅ አለበት። «ዛሬ አትሂዱ» ከተባለ አለመሄድ ነው፤ ክርክር የለውም።

መሪ ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል። ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ አንድ አይደለም። ከብት የሚነዳበት፣ ቡና የሚለቀምበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት ቀጭን መንገድ ሁሉ እርስ በርሱ ይቆራረጣል፤ ሲሄዱ ግልጽ የነበረው መገንጠያ ሲመለሱ ሌላ መስሎ ይታያል። ለስድስት ለሰባት ሰው አንድ መሪ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከሁሉ ኋላ። ከአሥር ሰው በላይ ያለ ቡድን በአንድነት ባይገባ እንመርጣለን። ዋጋው ለቡድኑ በጠቅላላ ይሁን ወይስ በነፍስ ወከፍ ከመነሣት በፊት ይለይ። መሪው ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ከሆነ ከክፍያው ሌላ ጫማ ገዝቶ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። በዚህ አገር እግር የሚያሳብጠው በሽታ ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነውና። አንድ ሌላ ነገር፦ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት የሚችል እንግዳ በየደጁ የሚቀበለው ፊት ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ በሩብ ሰዓት ገደማ ዘግይታ ትወጣለች፤ ዘግይታም ትገባለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣለች፣ ምሽት 12 ሰዓት ከ25 ገደማ ትጠልቃለች። ይህ ግን የሜዳው ሰዓት ነው። በትልልቅ ዛፍ ሥር፣ በገደል ውስጥ ደግሞ ይብሱን፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለዓይን ያዝ ያደርጋል። ሥርና ድንጋይ መለየት የማይቻልበት ሰዓት ያ ነው።

ርቀትን በኪሎ ሜትር መጠየቅ አይጠቅምም፤ በሰዓት ይጠየቅ። የአገሩ ሰው «አንድ ሰዓት ነው» ሲል ውሸት አልተናገረም። እሱ በልጅነቱ የለመደው መንገድ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ይሄደዋል። የከተማ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ወይም በሁለት ሰዓት ይሄደዋል። ሦስት ሰው መጠየቅና ረጅሙን መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሲጠየቅም «ለመሄድ ስንት ሰዓት? ለመመለስስ?» ተብሎ ለየብቻ ይሁን።

በራስ ለማስላት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። ሥርና ጭቃ ባለበት የደን መንገድ ላይ አንድ ቡድን በሰዓት ከ2 ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም። ዳገት ሲሆን ለየ100 ሜትሩ ከፍታ 10 ደቂቃ ይጨመር። በድምሩ ላይ ደግሞ ለዕረፍት፣ ጫማ ለማሰርና ለፎቶግራፍ አንድ ሦስተኛ ይታከል። ለምሳሌ መንገዱ አንድ ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁለቱም 300 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃው 2 ሰዓት ሲሆን ከዕረፍቱ ጋር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወጣዋል። መመለሻው 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከዕረፍቱ ጋር 3 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ፏፏቴው ዘንድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆዩ ጠቅላላው 7 ሰዓት ተኩል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሣ ሰው 9 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ዘንድ ይደርሳል፤ ለችግር የሚሆን ሁለት ሰዓት በእጁ አለው። ይኸው ሰው 4 ሰዓት ላይ ቢነሣ ግን የሚደርሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ምንም ሳይሳሳት፣ ማንም እግሩ ሳይወለም፣ ልክ ሲጨልም። የሁለት ሰዓት መዘግየት የቀኑን መጠባበቂያ ሁሉ በላው ማለት ነው።

የሚዘገየውም በትልቅ ነገር አይደለም። ቁርስ ቤት ፍርፍሩ እስኪመጣ፣ ባለ ሞተሩ ነዳጅ እስኪቀዳ፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተም የሚያደርገው ሰው እስኪገባ ነው። መድኃኒቱ ደብዳቤውን በዋዜማው ማውጣት፣ ነዳጁን ማታ ማስሞላት፣ ቁርሱን አስቋጥሮ ማደር ነው። የመመለሻ ሰዓትም ጠዋት ለሁሉም ይነገር፦ «6 ሰዓት ከሆነ የትም ብንደርስ እንመለሳለን።» ፏፏቴው ድምፁ እየተሰማ መመለስ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ውሳኔው ጠዋት፣ ልብ ሳይሞቅ፣ መወሰን ያለበት።

ጫማ ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተለበሰ ይሁን። ሶሉ ለስላሳ የሆነ ሸራ ጫማ በቀይ አፈር ላይ ይንሸራተታል። አዲስ ጫማ ደግሞ በመውረዱ ጊዜ ጣትን፣ በመውጣቱ ጊዜ ተረከዝን ይልጣል። ጥፍር በዋዜማው ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ስለሚጋጭ ረጅም ጥፍር ይጠቁራል። ጅንስ ሱሪ ከራሰ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ቀጭን ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ቀላል የዝናብ ልብስና አንድ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ። ዱላም አይቅር፤ ሲተከል እስከ ክርን የሚደርስ፣ ያልነቀዘ። ገመድ ይዘው የሚመጡ አሉ። አጠቃቀሙን በደንብ የማያውቅ ሰው ገመድ ባይዝ እንመርጣለን፤ በእጁ መያዙ ብቻ ባዶ እጁን የማይሞክረውን ገደል ያስሞክረዋልና።

ሱሪውን ካልሲ ውስጥ መክተት ለማማር አይደለም፤ ለጉንዳን ነው። ጉንዳን በመንገዱ ላይ ጥቁር ሪባን መስሎ ሲያቋርጥ ይታያል። ፊት ያለው ሰው «ጉንዳን!» ብሎ ይጥራ፤ ሁሉም በረጅሙ ተራምዶ ይለፍ፤ አጠገቡም ማንም አይቁም። ሳማና አለብላቢት በመንገዱ ግራና ቀኝ አሉ። ቁልቁለት ላይ ሚዛን ሲጠፋ እጅ ያገኘውን ይጨብጣልና ቀጭን የሥራ ጓንት የያዘ ሰው አይጸጸትም። ረጃጅሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ባለቤት አለው፤ ንቦቹም ጩኸትና ሽቶ አይወዱም። ሽቶ ተቀብቶ ደን አለመግባት ነው። ንብ ከተነሣ ፊትን በልብስ ሸፍኖ፣ ሳይወራጩ፣ በሩጫ መራቅ፤ መርዙ የቀረበትን እሾህ ወዲያው በጥፍር ጠርጎ ማውጣት። ንብ ሲነድፋቸው ሰውነታቸው የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ግን ይህን መሪው ጠዋት እንዲያውቀው ያድርጉ፤ መድኃኒታቸውንም በኪሳቸው ይያዙ።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሊትር ለመመለሻው ዳገት ተለይቶ የሚቀመጥ፣ ፏፏቴው ዘንድ የማይከፈት ይሁን። ብዙ ሰው «ወንዝ እያለ ምን ያሸክመኛል?» ይላል። የደን ጅረት ኩልል ብሎ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ከላይ ግን ከብት ይጠጣበታል። በተጨማሪም አልቅት አለ። ትንሿ አልቅት ከውኃ ጋር ገብታ አፍንጫ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ ትጣበቃለች፤ ለቀናት ደም እየጠጣች ታድጋለች። ከጉዞ ተመልሶ ያለ ምክንያት በተደጋጋሚ የሚነስረው ወይም ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሰማው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «የጅረት ውኃ ጠጥቻለሁ» ብሎ ይንገር፤ ካልነገረ ሐኪሙ ሌላ ነገር ሲፈልግ ይውላል። ግድ ሆኖ የጅረት ውኃ ከተቀዳ መጀመሪያ በንጹሕና ወፍራም ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያ የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ገብቶበት ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ጎንበስ ብሎ በአፍ መጠጣት ጨርሶ አይደረግ።

ስለ ምግብ ብዙ የሚባል የለም፦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጩኮ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች። ትንሽ ትንሽ፣ በየሰዓቱ። ፏፏቴው ዘንድ ክትፎና ጥብስ ደልድሎ በልቶ ዳገት መጀመር ሆድን ያከብዳል። የሚያልበው ሰው ከውኃው ጋር ጨውም ስለሚያጣ አንድ ሁለት የኦአርኤስ ከረጢት ይያዝ። ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ሰው ስለማያነሳው እናንሣው። ከላይ ጥሩ ነው ያልነው ወቅት ኅዳር 15 ከሚገባው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ ለእግር ጉዞ ምንም አይጎድለውም፤ ቆሎና በሶ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላል። ችግሩ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ነው። ዳገቱ የሚጀምረው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ጉልበቱ ሲዝል «ጾመኛ ነኝ» ለማለት ያፍራል። ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት መቆየት ስለሌለ ጉዞውን በእነዚህ ቀናት ማድረግ ነገሩን ይፈታዋል። ረመዳን በበጋ በሚውልበት ዓመት ደግሞ አገሩ ብዙ ሙስሊም ያለበት ስለሆነ መሪውም ጾመኛ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ። በዚያ ወር ሰው ዳገት አስወጥቶ ማታ ማድረስ ግፍ ነው፤ ሌላ ሳምንት ይመረጥ።

ቁልቁለቱ ላይ አወዳደቅ የሚበዛው ከፏፏቴው በፊት ባለችው የመጨረሻ ቁራጭ መንገድ ላይ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው። ድምፁ ስለተሰማ ሰው ይጣደፋል፤ የውኃው ጢስ አፈሩን ዓመቱን ሙሉ ያረጥበዋል፤ የረገፈው ቅጠልም ሥሩን ይሸፍነዋል። በየሰዉ መካከል 3 ሜትር ይተው፤ አንዱ ሲንሸራተት ፊት ያለውን ይዞ እንዳይሄድ። በጣም ቀጥ ባለው ቦታ ፊትን ወደ ዳገቱ አዙሮ፣ እንደ መሰላል፣ በእጅም በእግርም እየያዙ መውረድ አያሳፍርም። ዛፍ ከመያዝ በፊት ይነቅነቅ። ከላይ ድንጋይ የነካ ሰው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩህ፤ ከታች ያሉትም ቀና ብለው ከማየት ይልቅ ወደ ዛፍ ግንድ ይጠጉ።

ጅረት መሻገር ካለ ጫማን አለማውለቅ ነው፤ የራሰ እግር ይደርቃል፣ በድንጋይ የተቆረጠ እግር ግን ዳገት አያወጣም። የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ይፈታ፤ ሰው ቢወድቅ ቶሎ እንዲጥለው። ፊት ወደ ላይኛው ወራጅ ዞሮ፣ ዱላው ከፊት ተተክሎ፣ በጎን መሻገር። ከጉልበት በላይ ከሆነ አይገባም። በተለይ ከሰዓት በኋላ ራስጌው ላይ ዝናብ ጥሎ ከሆነ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ምልክቶቹ የሚታወቁ ናቸው፦ ኩልል ያለው ውኃ መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ፣ ከደቂቃዎች በፊት ደረቅ የነበረ ድንጋይ መጥለቅ። ፏፏቴው አጠገብ ጩኸቱ የሙላቱን ድምፅ ስለሚውጥ አንድ ሰው ሥራው ወንዙን ማየት ብቻ ይሁን። ደርሶ አንድ ድንጋይ ላይ የውኃውን ልክ ምልክት ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። ምልክቱ ከተሸፈነ ተነሥቶ ወደ ከፍታ መውጣት ነው፤ ዕቃ ለመሰብሰብ ወደ ዳር መመለስ የለም።

ከፏፏቴው ሥር ስላለው ገንዳ ጠንከር ብለን እንናገር። አይዋኝበትም። ዋናተኛም ቢሆን አይዋኝበትም። ከላይ የሚወርደው ውኃ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነጭ አረፋ ይሆናል፤ አየር የበዛበት ውኃ ደግሞ ሰውን እንደ ተራ ውኃ አያንሳፍፍም። ወራጁ ታች ደርሶ ይዞራል፤ የገባውን ነገር መልሶ ወደ ፏፏቴው ሥር ይስበዋል። ክረምት ያወረደው ግንድ የት እንደተቀበረ ከላይ አይታይም። ውኃው ከላይ ድንጋይና እንጨትም ይዞ ስለሚወርድ ከሥሩ ቆሞ መታጠብም ያው አደጋ ነው። እግር መንከር የፈለገ ከገንዳው ራቅ ብሎ፣ ወራጁ ጸጥ ካለበትና ከጉልበት በታች ከሆነበት ቦታ ይንከር። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አልጌ የለበሰ ነውና አይረገጥ፤ ግራጫና ደረቅ የሆነውን መርጦ መርገጥ።

ከሥሩ የሚብሰው ግን አፋፉ ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚቆምበት ሣር ከሥሩ አፈሩ ተቦርቡሮ ባዶ ሊሆን ይችላል። ውኃው ከሚወረወርበት በላይ ያለው ወንዝም ጥልቀቱ ቁርጭምጭሚት እንኳ ቢሆን ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ እዚያ የተንሸራተተ ሰው የሚይዘው የለም። ከአፋፉ 5 ሜትር ርቆ መቆም፣ ጀርባን ወደ ገደል ሰጥቶ ፎቶግራፍ አለመነሣት፣ ሕፃን ይዞ ከሆነ እጁን አለመልቀቅ። ፎቶ የሚነሣበትን ቦታ መሪው ይምረጥ።

መመለሻው ላይ ከፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ሰው ይሁን። ብርቱዎቹ ከቀደሙ ቡድኑ ይከፈላል፤ ቡድን ከተከፈለ ደግሞ መገንጠያ ላይ አንዱ ወገን ይሳሳታል። አካሄዱ እያወሩ የሚሄዱበት ይሁን፤ ማውራት ያቃተው ሰው ፈጥኗል ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ የተለየውን ሊትር መክፈት፣ ሰው መቁጠር። ሰው መቁጠሩን በየመገንጠያው መድገም።

እግሩ የተወለመ ሰው ካለ ጫማው አይውለቅ፤ ከወለቀ አብጦ አይገባም። ከነጫማው በላስቲክ ፋሻ አጥብቆ ማሰርና ዱላ ማስያዝ ብዙውን ጊዜ ያስኬዳል። መራመድ ካልቻለ ቃሬዛ ነው፦ ሁለት ጠንካራ እንጨትና አንድ ጋቢ። ለዚህም ነው ጋቢ ከቦርሳው የማይጠፋው፤ ብርድ ልብስም ይሆናል። ቃሬዛ አራት ሰው ይሸከመዋል፤ በዳገት ግን አራቱ ቶሎ ስለሚደክሙ የሚተካ ሌላ አራት ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱም ከተለመደው በሦስት እጥፍ ይቀንሳል። የ3 ሰዓት መመለሻ የነበረው 9 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ይህን ሂሳብ ቢያስቡት ሦስተኛና አራተኛ ይፈልጉ ነበር። ቡድኑ ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው ከተጎዳው ጋር ይቅር፤ መሪው ወደ መንደር ሄዶ ሰው ይጥራ። በዚህ አገር ቃሬዛ ለመሸከም ተጠርቶ የሚቀር ጎረምሳ የለም። ፊሽካ በአንገት ይንጠልጠል፤ ሦስት ጊዜ ከተነፋ ጥሪ ነው።

ስልክ ገደሉ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ስለሚጨርስ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይደረግ፤ የወረደ ካርታ ካለው አቅጣጫውን ያለ ኔትወርክም ያሳያል። የስልክ መብራት ግን የእጅ ባትሪን አይተካም፤ ለየሰዉ አንድ አንድ ይያዝ፣ ባይጨልምም። መቱ ላለው ሆቴል ወይም ለወረዳው ሰው የሁሉም ስም፣ የመሪው ስልክና «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» የሚል ወረቀት ይተው። ሲመለሱ መደወልን መርሳት ደግሞ ሰዎችን በከንቱ በሌሊት ደን ማስገባት ነው።

ደኑ ባዶ ደን አይደለም። ከዛፉ ሥር ያለው ቡና ባለቤት አለው፤ ጉዞው በሚመረጥበት ወር ደግሞ ለቀማው አላለቀም። ቀዩን ፍሬ መቀንጠስ ከሰው ማሳ መውሰድ ነው። ከመቱ በስተ ምሥራቅ ያለው የያዩ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በዚሁ ቡና ምክንያት ነው፤ የዓለም የአረቢካ ቡና የዱር ዘር የሚገኝበት ደን ነውና። እንዲህ ባለ ቦታ በደረቅ ወር ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት የሚያምር ቢመስልም እሳቱ በቅጠል ሥር ተደብቆ ከሰዓታት በኋላ ይነሣል። ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ። ፕላስቲክ የያዘ ሁሉ ይዞ ይመለስ። ለመጸዳዳት ከውኃ ቢያንስ 70 እርምጃ መራቅ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ መቅበር፤ ከታች ያለው መንደር የሚቀዳው ከዚሁ ውኃ ነው። ጉሬዛ ሲታይ ምግብ አይወረወርለት፤ ዝንጀሮ ደግሞ አንዴ ከለመደ ቀጥሎ የሚመጣውን ቦርሳ ይነጥቃል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንለምነው አራት መስመር ነው። ስለ የትኛውም ፏፏቴ ስትጽፉ፣ ስለ ሶርም ይሁን፣ ስለ ካፋ ደኖች ወይም ስለ ባሌ፣ በጽሑፉ ግርጌ እነዚህን አትሙልን፦ መሄጃው ስንት ሰዓት፣ መመለሻው ስንት ሰዓት፤ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ይኬዳል፤ በመንገዱ ላይ የሚሻገሩት ወንዝ አለ ወይስ የለም፤ መሪና ደብዳቤ የሚገኘው የት ነው። ዘጋቢያችሁ መረጃውን ከአንድ ሰው ብቻ አይውሰድ፤ ከአንድ መሪ፣ ከአንድ የወረዳ ሠራተኛና ከአንድ የቡና ባለቤት ይጠይቅ። ሦስቱ የተለያየ ሰዓት ከነገሩት ረጅሙን ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፤
የደን መንገድ መሪዎች፣ ኢሉባቦር